የአባቴ «እንዳይሉኝ»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ማህሌት መጣች። የወረዳ ምክር ቤት አባል ከሆነች ወዲህ አመጣጧ ተለውጧል፤ እንደ ድሮው በቀጥታ ጓዳ ገብታ ድስት አትከፍትም። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ ስብሰባ የምትመራ ነው የሚመስለው። ሻይ አፈላሁላት፤ ከሜክሲኮ ስመለስ የገዛሁትን ቦምቦሊኖ አቀረብኩላት። አንዱን አንስታ ሳትበላው ያዘችው።

«በጀት ተቀነሰብን አባዬ» አለችኝ። «ካሉን አገልግሎቶች አንዱን መዝጋት ሊኖርብን ነው።»

«የቱን ልትዘጉ?»

«የሕፃናት ማቆያዋን።»

ደነገጥኩ። የልጅ ልጄ ናሆም የሚውለው እዚያው ማቆያ ውስጥ ነው። «እንዴ! ልጅሽንስ የት ልታውዪው ነው?»

«ለዚያ እኮ ነው ሐሳቡን ራሴ ያቀረብኩት!» አለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ። «ከራሴ ሳልጀምር የሌላውን ልቁረጥ ብል ማን ይሰማኛል? ናሆምን እናንተ ትይዙልኛላችሁ። ለልጇ ስትል ነው ሳትዘጋው የተወችው እንዳይሉኝ።»

የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩት። ይቺን «እንዳይሉኝ» አውቃታለሁ። በዚህ ድምፅ፣ በዚህ አገጭ፣ በዚህ ኩራት ነው የማውቃት። ማህሌት አያቷን ብዙም አታስታውሰውም፤ ሕፃን ሳለች ነው የሞተው። ከየት እንዳመጣቻት ግን እኔ አላጣውም።

«ምነው አባዬ?» አለችኝ። «ቆይ እስቲ» አልኳት። ለሷ ያወራሁላትን ነው እዚህም የማወራው፤ ትንሽ ሰፋ ቢል ግን አትፍረዱብኝ፣ ሽማግሌ ነኝ።

ያን ጊዜ ቤታችን ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ፣ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ዛሬ የለም፤ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። አልፎ አልፎ በዚያ በኩል ሳልፍ ዓይኔ ምንም አያውቅም፤ ዳገቱን የሚያስታውሰው እግሬ ብቻ ነው። በክረምት ጭቃው ጫማ ይነጥቅ ነበር። ጥቅምት ላይ ያው ጭቃ አቧራ ይሆንና ከአናጢዎቹ ሱቅ ከሚበነው የእንጨት ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫችን ውስጥ ይገባል። የእሸት ወራት ሲሆን ደግሞ የመንገዱ ዳርና ዳር የሚጠበስ በቆሎ ይሸታል፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሳንቲም ያለው ገዝቶ ለሁለት ይሰብረዋል፣ የሌለው ሽታውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

አባቴ ይልማ ይባላል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። እጁ ላይ የመንግሥት ብዙ ዕቃ ይገባል፤ እኛ ቤት ግን አንዲት የመንግሥት እርሳስ ገብታ አታውቅም። አንድ ቀን ብዕር በስህተት ኪሱ ውስጥ ቀርታ ቤት ድረስ ይዟት መጣ። እናቴ ኮቱን ስትሰቅል አገኘቻትና «ይቺ ደግሞ የማናት?» አለችው። ሰውዬው ፊቱ አመድ መሰለ። ዝናብ እየዘነበ፣ ያንኑ ምሽት በእግሩ ተመልሶ ለዘበኛው አስረክቦ መጣ። ጉንፋን ይዞት ሳምንቱን ሙሉ ሲያስል ከረመ። እናቴ ዳማከሴ እየጨመቀችለት «ብዕሯ ግን ደህና ናት?» ትለው ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ስለሆነ ቀበሌው ሲደራጅ ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሽ ይልማ ይሁኑልን» ብሎ ኮሚቴ ውስጥ አስገባው። ኮሚቴ መሆኑ ደግሞ ባሰበት። በቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል እናቴን ሰልፉ መጨረሻ ላይ እንድትቆም ያደርጋታል፤ ፊት ከቆመች «የኮሚቴ ሚስት ናት ይሉኛል» ነው። ስኳሩ እናቴ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ስንት ወር ሻይ በጨው እንደጠጣን እኔ ነኝ የማውቀው። «የሰፈሩ ሰው በኮሚቴ ሚስትነቴ ይቀናብኛል» ትላለች እናቴ፤ «መጥቶ ሻዬን ይቅመስልኝ!»

እኔ ግን አባቴን እወደው ነበር፤ እኮራበትም ነበር። ያ ጊዜ ሰው ሰውን የማያምንበት ጊዜ ነው። አባቴ በመንገድ ሲያልፍ ሰዎች ከልባቸው ብድግ ሲሉለት አያለሁ። ለአንድ ጎረምሳ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቀበሌው ላይብረሪ ልምጣ።

ላይብረሪ እንበላት እንጂ መጽሐፍ እንኳ እምብዛም አልነበራትም። ባለቤቱ ከሄደበት ከአንድ ትልቅ የተወረሰ ቤት ሳሎኑን ቀበሌው ለማንበቢያ ሰጠን። ጠረጴዛ ስለጠፋ ከሌላ ፈራሽ ቤት የተነቀሉ በሮችን በአግድም ደርድረው እግር ሠሩላቸው። አንደኛው በር እጀታው አልወለቀለትም ነበር፤ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ደብተር አያዘረጋም፣ ክንድ ይወጋል፣ ስለዚህ እዚያ ጋ መቀመጥ የሚፈልግ የለም። እዚያ የሚቀመጠው ሸምሱ ነበር። ቦርሳውን እጀታዋ ላይ ይሰቅልና «ጀለሴ፣ እኔ እኮ በር ከፍቼ ነው የማነበው፤ እናንተ ደጅ ናችሁ» ይለናል። ከላይ ረጃጅም ነጭ አምፖሎች እንደ ንብ ዝዝ ይላሉ። ዘበኛው በር ላይ ቁጭ ብሎ ሰው ሲንሾካሾክ በቁልፍ ወንበሩን ይመታል። ለዚያ ዘበኛ ደመወዝና ለመብራቱ ነበር ቀበሌው የሚያወጣው፤ ሌላ ወጪ አልነበራትም።

ሸምሱ የሰፈር ጓደኛዬ ነው። እናቱ እትዬ ዘይነባ ከስልጤ አገር በልጅነታቸው የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አብነት ላይ ድንችና ሽንኩርት የሚቸረችሩ ሴት ነበሩ። እሱና ታናናሾቹ ከእናታቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ማታ ፍራሹ ከተዘረጋ እግር ማስቀመጫ የለም። መብራታቸው ከጎረቤት የተሳበ ነበር፤ ጎረቤትየው ሲተኛ የነሱም ይጠፋል። ጎረቤትየው ደግሞ ከዶሮ ጋር የሚተኛ ሰው ነው! ቀን ቀን ሸምሱ ከትምህርት መልስ እናቱን ያግዛል፤ ማታ ማታ ላይብረሪ ይመጣል። በሂሳብ ማንም አይደርስበትም ነበር። እኔ ማዕዘን የሚባል ነገር አልገባኝ ብሎ ተስፋ ስቆርጥ ከእናቱ መደብ ላይ ድንች አንስቶ በቢላዋ እየቆረጠ አስረዳኝ። እትዬ ዘይነባ «አንተ! የሚሸጥ ድንች እኮ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው ደግሞ የተቆራረጠውን ሰብስበው ቀቀሉልንና በሚጥሚጣ በላነው። እስከ ዛሬ ሦስት ማዕዘን ሳይ አፌ ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ ይለኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። ማትሪክ ማለት ያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይከብዳል። ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የወደቀ ሰፈር ይቀመጣል። ሰፈር የተቀመጠ ጎረምሳ ደግሞ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚባል ነገር መጥቶ ነበርና። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም።

በዚያው ዓመት፣ ከገና በፊት መሰለኝ፣ ከላይ መመሪያ መጣ። ለጦር ግንባሩ የሚላከው መዋጮ ስለጨመረ ቀበሌው ወጪውን ይቀንስ ተባለ። የሚቀነሰውን ኮሚቴው አጥንቶ ለነዋሪው እንዲያቀርብ ሆነ፤ ሥራው እንደተለመደው አባቴ ላይ ወደቀ። መቼም የሚጠላ ሥራ ሲሆን «ጋሽ ይልማ ይሻላሉ» ነው።

ሊቀነሱ የሚችሉት ነገሮች ብዙ አልነበሩም። የኪነት ቡድኑ ነበር፤ ከበሮው፣ ልብሱ፣ ጉዞው። ለአብዮት በዓል መንገዱ ላይ የሚቆመው ቅስትና ጌጡ ነበር። ላይብረሪዋ ነበረች። አባቴ ስንት ምሽት እራቱ እየቀዘቀዘ በሐሳብ ሲብሰለሰል አየሁት። በመጨረሻ አንድ ምሽት እጁን እየታጠበ ለእናቴ «ላይብረሪዋን ነው የማቀርበው» አላት።

እናቴ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ ቀና አደረገችው። «ልጅህ የሚያነብባትን?»

«ልጄ የሚያነብባት ስለሆነች ነዋ። ኪነቱን ቁረጡ ብዬ ላይብረሪዋን ሳልነካ ብተው ለልጁ ሲል ነው ይሉኛል።»

«ይበሉሃ!» አለችው እናቴ። «ምን ይሁን? ብለው ብለው ይተዉታል።»

«አንቺ ሰው አታውቂም።»

«እኔ የማውቀው ከበሮ ማትሪክ እንደማያሳልፍ ነው!»

አባቴ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። «ይኸውልህ፣ አንተን አልጎዳህም። ጠረጴዛውን ላንተ እለቅልሃለሁ፤ ትልቅ አምፖል እገዛለሁ። እኛ መሬት ቁጭ ብለን እንበላለን» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለሕዝብ ብሎ ልጁን የሚጎዳ ነው የመሰለው። እኔም እንደዚያው መሰለኝና «ግድ የለም አባባ» አልኩት። ደስም አለኝ መሰለኝ፤ በአባቴ ኮርቼ።

ስብሰባው እሁድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። ከስብሰባ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ዕቃ ለማግኘት ስለሚቸገር አዳራሹ ጢም ብሏል። ሊቀመንበሩ መፈክር አስብሎ ሲጨርስ «ጓድ ይልማ ይቀጥላሉ» አለ። አባቴ ኮቱን ቆልፎ ተነሣ። ንግግር አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

«ጓዶች፣ የሰው ከመንካቴ በፊት ከራሴ ልጀምር» አለ። «ማንበቢያ ቤቷን ልጄ ነው የሚጠቀምባት። በእኔ በኩል ትዘጋ።»

ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው ነበር። የተቆጠበው ለግንባሩ፣ የተረፈው ለኪነት ቡድኑ እንዲሆን ተወሰነ። «አስተያየት ያለው?» አለ ሊቀመንበሩ።

እኔ ከጎን በኩል ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። እትዬ ዘይነባ ሴቶቹ መሀል ተቀምጠው ነበር። እጃቸው ከጉልበታቸው ተነሣ፤ ወደ ላይ ወጣ፤ ጆሯቸው ጋ ሲደርስ ሻሻቸውን አስተካከሉበትና መለሱት። ሊቀመንበሩም አይቷቸው ኖሮ «እርስዎ እናት፣ ሊናገሩ ነበር እንዴ?» አላቸው።

«ኧረ ምንም፣ ግድ የለም» አሉ። ሰው ሁሉ ወደሳቸው ሲዞር ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ከለል አደረጉ። «ጋሽ ይልማ የገዛ ልጃቸውን ካስነሡ እኛ ምን አፍ አለን?»

እንደገና ተጨበጨበ። ይሄ ነው እንግዲህ። አባቴ ምንም ሳይናገር ዝም ቢል ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ይከራከር ነበር። አንዷ እናት ተነሥታ «ልጆቻችንስ?» ትል ነበር። እሱ ከራሱ ሲጀምር ግን የሰው ሁሉ አፍ ተዘጋ። የኮሚቴው ሰው የራሱን ልጅ አስነሥቶ፣ ድንች የምትሸጥ ሴት «የኔ አይነሣ» ልትል ነው? እንዴት ብላ!

ከአዳራሹ ስንወጣ ሸምሱ ጠጠር እየጠለዘ አጠገቤ ይሄዳል። «አባትህ ወንድ ናቸው» አለኝ። ትንሽ ሄደና «እኛ ግን አሁን የት ልናነብ ነው?» አለ።

«እኛ ቤት ነዋ!» አልኩት። እውነትም ሌላ መልስ ያለው አልመሰለኝም።

መጣ። አባቴ ቃሉን ጠብቆ የምግቡን ጠረጴዛ ለቀቀልን፤ ቤቱን ቀን የሚያስመስል አምፖልም ገዛ። ሸምሱ ጫማውን በር ላይ በጨርቅ ጠርጎ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ነበሩ። ግን የሰው ቤት ነው፤ የሰው ቤት ደግሞ የእራት ሰዓት አለው። ሽሮው መንተክተክ ሲጀምር ሸምሱ ደብተሩን መሰብሰብ ይጀምራል።

«ና ቅረብ ሸምሱ» ትለዋለች እናቴ።

«በልቻለሁ እትዬ።»

«መቼ? ከትምህርት ቤት ቀጥታ አይደል የመጣኸው?»

«በልቻለሁ፣ እውነቴን ነው።»

ሆዱ ሲጮህ ሦስታችንም እንሰማለን። እናቴ ክንዱን ይዛ ካላስቀመጠችው አይቀመጥም፤ ከተቀመጠም ሁለት ጉርሻ በልቶ እጁን ይሰበስባል። ሥጋ በተሠራ ቀን የኛን ስለማይበላ እናቴ ለሱ ብላ ሽሮ ለብቻው ትሠራለት ጀመር። ደግ ያደረገች መስሏት ነው፤ እሱ ግን ለሱ ብቻ የተጣደችውን ድስት ሲያይ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እራት ካለፈ በኋላ ይመጣ ጀመር። እናቴ ደግሞ እሱን ጠብቃ እራቱን ታዘገያለች። በመጨረሻ ጭራሽ ቀረ።

ፍለጋ ሄድኩ። ልደታ ማርያም አጥር ጥግ፣ ጧፍ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ፣ የመንገድ መብራቱ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑን እየተሳለሙ ያልፋሉ፤ እሱ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል።

«ሸምሱ፣ ልትቆርብ ነው እንዴ?» አልኩት።

ሳቀ። «ጧፍ ሻጮቹ ለምደውኛል፤ ዝናብ ሲመጣ ላስቲካቸው ሥር ያስጠጉኛል።»

«ለምን እኛ ቤት አትመጣም?»

«በእራት ሰዓት የሰው ቤት የሚያንዣብብ ልጅ እንዳይሉኝ» አለኝ።

እሱም! እጁን ይዤ ልጎትተው ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ትንሽ አነበብኩ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ገጹን ይገለብጠዋል፣ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ዓይን ይሞላል። እኔ ብርድ ሲሰማኝ ተነሥቼ ወደ አምፖሌ ሄድኩ። ከዚያ በልጉ መጣ። ያ ዓመት በልጉ ክረምት ነበር የሚመስለው፤ የላስቲክ ጥግ የሚያስነብብ ዝናብ አልነበረም።

ማትሪክ ተፈተንን። ውጤቱ በክረምት፣ በዚያ ጭቃ ላይ መጣ። እኔ አለፍኩ። ሸምሱ ለጥቂት ወደቀ። ማዕዘን በድንች ያስተማረኝ ልጅ ወድቆ እኔ ማለፌን ለሰው ስናገር አፈርኩ። እሱ ግን እኛ ቤት ድረስ መጥቶ አቀፈኝ። እናቴ እንኳን ደስ ያለህ ብላ ያዘጋጀችው ነገር ነበር፤ «በልቻለሁ» አላት። ገባችና ጓዳ ውስጥ አለቀሰች።

በዓመቱ ሸምሱ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። የሚሄዱትን ልጆች የሰበሰቧቸው የት መሰላችሁ? የተወረሰው ቤት ግቢ ውስጥ። ሳሎኑ የኪነት ቡድኑ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ቡድኑ ዘማቾቹን ሊሸኝ ከበሮዎቹን ከዚያ እያወጣ ይደረድራል። ሸምሱ በመስኮት አሻግሮ አየና «ጀለሴ፣ በሬ ከነእጀታዋ የለችም» አለኝ። እውነትም ጠረጴዛዎቹ ተነሥተዋል። ተመልሰው በር ሆነዋል፤ አንደኛው የቀበሌው ሱቅ ላይ ተገጥሟል።

ከበሮው ሲመታ እትዬ ዘይነባ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ አባቴ መጡ። ልጃቸውን እንዲያስቀርላቸው ሊለምኑት የመጡ መስሎኝ ነበር። «ጋሽ ይልማ፣ እርስዎ ይመርቁልኝ» ነው ያሉት። አባቴ እጁን ሸምሱ ትከሻ ላይ አደረገ። «በሰላም ተመለስ ልጄ» አለ። «በሰላም ይቆዩ ጋሼ» አለው ሸምሱ። መኪናው ላይ ሲወጣ ቦርሳውን የሚሰቅልበት ፈልጎ አጣና አንገቱ ላይ አጠለቀው።

አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የመጣ የለም፤ አለ ያለም የለም። መንግሥት ሲለወጥ የተበተኑት ወታደሮች ባዶ እግራቸውን፣ ካፖርት ብቻ ደርበው ወደ ከተማው ሲገቡ እትዬ ዘይነባ መደባቸውን ለታናሽ ልጃቸው ትተው በየቀኑ ሜክሲኮ አደባባይ ይቆሙ ነበር። የእያንዳንዱን ፊት ያያሉ። የተቀቀለ ድንች በሰሐን ይዘው ለራበው ይሰጣሉ፤ «ሸምሱ የሚባል ልጅ አላየህም?» ይላሉ። ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ድንች አንድ ቀን እንኳ መቅመስ አልቻልኩም።

በአባቴ ላይ ግን አንዲት ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር ጎንበስ ብለው «እርስዎ እኮ ለልጅዎ እንኳ ያላደሉ ሰው ነዎት» ይሉታል። ለዒድ ዳቦ ይልኩልናል። አባቴ ያንን ዳቦ አይቆርስም ነበር። በኋላማ እሳቸው የሚያልፉበትን መንገድ ትቶ በላይ በኩል መዞር ጀመረ። ለብዙ ዘመን ምክንያቱ ዳገት መውደዱ መሰለን።

የነገረኝ ሊሞት አካባቢ ነው። ከሕመሙ ትንሽ ቀለል ብሎት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ብርቱካን እላጥለታለሁ። ድንገት «ያቺ ማንበቢያ ቤት ውስጥ ስንት ልጅ ይቀመጥ ነበር?» አለኝ።

«ኧረ ሞልቶ ነው አባባ። ቦታ ያጣው መስኮት ላይ ይቀመጥ ነበር።»

ብርቱካኑን ተቀብሎኝ አልበላውም። «አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላየሁም እኮ» አለ። «ልጁን ሊያመቻችለት መጣ እንዳይሉኝ ብዬ። እኔ የማየው ማታ ማታ አንተ ደብተርህን ይዘህ ስትወጣ ነው። የልጄ ናት ብዬ ነው የሰጠኋት።» ብርቱካኑን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «የኔ አልነበረችም። የሰው ነው የሰጠሁት።»

«ኧረ አባባ፣ ሰው ሁሉ እኮ ያመሰግንሃል» አልኩት፤ ላጽናናው ብዬ።

«እሱ ነው እኮ!» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ማህሌት ይህንን ስትሰማ ቦምቦሊኖዋ እጇ ላይ እንዳለ ነበር። ሻይዋ ቀዝቅዟል። አያቷን ሳማባት የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። አባቴን አልረገምኩትም፤ እስከ ዛሬ እንደሱ እጀ ንጹሕ ሰው አላየሁም። ግን ልቤ ይቃጠላል። ለግንባሩ ነው ብሎ ያዘዘው ሌላ፣ ሸምሱን የወሰደው ሌላ፤ ይሄን አውቃለሁ። አባቴ እጅ ላይ የነበረው አንድ ክፍልና ሁለት አምፖል ብቻ ነው፤ እሱኑ ለስሙ ብሎ አጠፋው።

«ከናሆም ጋር የሚውሉትን ልጆች እናቶች ታውቂያቸዋለሽ?» አልኳት።

«ጠዋት ጠዋት በር ላይ ሰላም እንባባላለን። አንዷ መሰለችኝ ሜክሲኮ ጋ ሻይና እንቁላል ሳንዱች የምትሸጥ... ስልኳም አለኝ። ‹የበረከት እናት› ብዬ ነው የያዝኳት።»

«ማቆያዋ ስትዘጋ በረከትን የት ታውለዋለች?»

ቦምቦሊኖውን ሳትቀምሰው ሰሐኑ ላይ መለሰችው።

«ጠይቂያት። አዳራሽ ሰብስበሽ ግን አይደለም፤ አንቺ የራስሽን ልጅ ካስነሣሽ በኋላ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አፏን የምትከፍት እናት የለችም። ‹ግድ የለም› ነው የሚሉሽ፤ አጨብጭበውልሽ ይሄዳሉ። በየሥራቸው ሄደሽ አንድ በአንድ ጠይቂያቸው።»

«ከዚያ ማቆያዋ አትዘጋ ብዬ ብከራከር ለልጇ ስትል ነው ይሉኛል አባዬ!»

«ይበሉሻ!» አልኳት። ድምፄ የእናቴ ሆኖ ወጣ።

«እትዬ ዘይነባ ያን ቀን እጃቸውን ቢያወጡት ኖሮ ምን የሚሉ ይመስልሃል?» አለችኝ።

«‹ልጄ የት ያንብብ?› ነዋ። ሌላ ምን ይላሉ።»

ተነሥታ ቦርሳዋን ያዘች። ጉንጬን ሳመችኝና ወጣች። በሩን ልዘጋ ስል ደረጃው ላይ ቆማ ስልክ ስታወራ ሰማኋት።

«ሄሎ፣ የበረከት እናት? ማህሌት ነኝ፣ የናሆም እናት። ይቅርታ እህቴ፣ እስከ ዛሬ ስምሽን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም።»

በሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። በኛ ጊዜ ይቺን ታህል ነገር የሚጠይቅ አንድ ሰው ጠፍቶ ነበር እንዴ? ከቤታችን እስከ እትዬ ዘይነባ መደብ ድረስ እኮ መንገዱ ቁልቁለት ነበር፤ አባቴ ኮቱን ሳይደርብ ደርሶ መመለስ ይችል ነበር።